መሶባችንና ልባችን

በየመሥሪያ ቤቱ ደጋግመን ያየነው አንድ ነገር አለ። ከሥራ ባልደረቦቻችን አንዱ የውሃ ጥሙ በዝቶበት፣ ሽንቱ ተመላልሶበት፣ ሰውነቱም ከስቶ ወደ ሐኪም ይሄዳል። ሐኪሙም ደሙን ያስመረምርና «ስኳር አለብህ» ብሎ ይነግረዋል። ሰውየው ከዚያች ቀን ጀምሮ የሻይ ስኳርን እርም ይላል። ሻይ በቀረበ ቁጥር «የኔ ያለ ስኳር ይሁን» ሲል እንሰማለን፤ እኛም «ጎበዝ ነው፤ ራሱን ጠበቀ» እያልን እናመሰግነዋለን። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ያው ሰው፣ ስኳርን በመተዉ ሌላው ሁሉ የተፈቀደለት እየመሰለው፣ እንጀራውን ደራርቦ፣ ቅቤ የጠጣውን ወጥ አጥቅሶ፣ «ጨው አነሰው» ብሎ ጨምሮበት ይመገባል። በበዓል ቀንማ የሚከለክለው የለም። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ማለዳ «እገሌ እኮ ልቡ ቀጥ ብሎ ዐረፈ» የሚል መርዶ ይመጣል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠውም ሰው «ስኳሩንስ ደኅና አድርጎ ይዞት ነበር፤ የገደለው ልቡ ነው» ይባባላል።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ የምንወደው፣ ይህ የለቅሶ ቤት አባባል የተሳሳተ መሆኑን ነው። የዚያ ሰው ስኳርና የዚያ ሰው ልብ ሁለት የማይተዋወቁ ጉዳዮች አልነበሩም። ስኳሩ ወደ ልቡ የሚያስገባው በር ነበር። ያንን በር ከሚጠብቁት ዘበኞች አንዱ በሐኪም የታዘዘው መድኃኒት ሲሆን፣ ሁለተኛው በየዕለቱ የሚቀርበው መሶብ ነው። ሕመምተኛው አንዱን ዘበኛ ብቻ አቁሞ፣ ሌላውን አሰናብቶት ነበር ማለት ነው።

ስም ነገርን ለመለየት ቢጠቅምም አንዳንድ ጊዜ ሰውን ያሳስታል። በሁለተኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው የቀጰዶቅያው ሐኪም አሬቴዎስ ይህን በሽታ ሲገልጽ፣ ሥጋ ቀልጦ ወደ ሽንት የሚፈስበት ደዌ አድርጎ ጽፎታል። የጥንት የሕንድ ሐኪሞችም የሕመምተኛው ሽንት ማር ማር እንደሚል ዐውቀው ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ቶማስ ዊሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የሽንቱን ጣፋጭነት በጽሑፉ አስታወቀ። እኛም በሽታውን «ስኳር» ብለን ጠራነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የበሽታው ምክንያትም መፍትሔም በስኳር ዕቃው ውስጥ ያለ ይመስለዋል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንጀራውም፣ ዳቦውም፣ ድንቹም፣ በሶውም በሆዳችን ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ስኳር ሆኖ ወደ ደማችን ይገባል። ቆሽት የተባለው የሰውነታችን ክፍል ኢንሱሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ኢንሱሊንም ስኳሩን ከደም ወደ ሥጋችን የሚያስገባ ቁልፍ ነው። በአንደኛው ዐይነት የስኳር በሽታ ቆሽት ቁልፉን መሥራት ይተዋል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ልጆችንና ወጣቶችን ያገኛል። በሁለተኛው ዐይነት ደግሞ ቁልፉ ቢኖርም በሩ አልከፍት ይላል፤ ቆሽትም ሲታገል ቆይቶ ይደክማል። በሁለቱም በኩል ስኳሩ በደም ውስጥ ተከማችቶ ይቀራል። ስለዚህ የሻዩን ስኳር ትቶ እንጀራውን እጥፍ ያደረገ ሰው፣ በፊት በር ያባረረውን እንግዳ በጓሮ በር መልሶ አስገባው እንጂ ከቤቱ አላስወጣውም።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1921 ዓ.ም. ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሰዎች በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ የኢንሱሊንን ምርምር ጀመሩ፤ በጥር ወር 1922 ዓ.ም. አንድ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለው ልጅ ሐኪሞች የነበራቸው መሣሪያ ምግቡን እስከ ረኃብ ድረስ መቀነስ ብቻ ነበር፤ ያም ቢሆን ዕድሜውን በጥቂቱ ያራዝምለት እንደ ሆነ እንጂ አያድነውም ነበር። ኢንሱሊን ሲገኝ ሕመምተኛው መኖር ጀመረ። ብዙ ዓመት መኖር ሲጀምር ግን ቀድሞ ያልታየ ሌላ ነገር ታየ። በደም ውስጥ የቆየው ስኳር የደም ሥሮችን ግድግዳ ቀስ በቀስ ያበላሻል። የዐይን፣ የኩላሊትና የእግር ጉዳት ከዚሁ ይመጣል። ከሁሉም የከፋው ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች ሲጠብቡ ነው።

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች። ሐኪሞች የነዋሪዎቿን ልብ ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሲከታተሉ ኖረዋል። በ1979 ዓ.ም. ባወጡትም ጽሑፍ፣ የስኳር ሕመምተኛ በልብና በደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድሉ በሽታው ከሌለበት ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ መሆኑን ገለጹ። ይህም ብቻ አይደለም። ስኳር የሰውነትን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ፣ አንዳንዱ ሕመምተኛ ልቡ ሲጎዳ የደረት ሕመም እንኳ ላይሰማው ይችላል። «ምንም አላመመኝም» ማለት ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኛ ማስረጃ አይሆነውም።

ይህን ስንል «የስኳር በሽታ የጠገበና የወፈረ ሰው በሽታ ነውና እኔን አይመለከተኝም» የሚል ወጣት አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እንዲህ ለሚለው ሁለት ነገር እንነግረዋለን። የመጀመሪያው የገዛ ወገኖቻችን ታሪክ ነው። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል አገር ተጓዙ። ገና ጥቂት ዓመታት እንደ ቆዩ በወጣቶቻቸው ላይ የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱን የገለጸ ጥናት በ1988 ዓ.ም. ታተመ። ኋላ የተደረጉ ጥናቶችም በሽታው እነዚህን ወገኖቻችንን ሳይወፍሩ የሚይዛቸው መሆኑን አሳይተዋል። ከእርሻና ከእግር ጉዞ ወጥተው፣ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ ወደ በዛበት፣ መቀመጥም ወደ በዛበት ኑሮ በአንድ ጊዜ ገቡ። እነሱ ባሕር ተሻግረው ያገኙትን ለውጥ፣ ከገጠር ወጥቶ በከተማ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ባሕር ሳይሻገር ያገኘዋል።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ የረኃብ ነው። በጎንደር አካባቢ የሚሠሩ ሐኪሞች ከገጠር እጅግ ከስተው የሚመጡ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ወጣቶችን ሲያክሙ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ዓ.ም. በባንኮክ ባደረገው ጉባኤ፣ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ ራሱን የቻለ አምስተኛ ዐይነት አድርጎ ተቀብሎታል። ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ «ምግብ ቀንስ» የሚለው ምክር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ስለዚህ ለአንዱ የታዘዘውን ምግብ ሌላው በወሬ ሰምቶ ሊከተለው አይገባም። ከዚህ በታች የምንጽፈውም በይበልጥ የሚመለከተው፣ በከተማ የሚበዛውንና በሁለተኛው ዐይነት የተያዘውን ሰው፣ ወይም ወደዚያው በመሄድ ላይ ያለውን ነው።

ምግብን ማስተካከል በእውነት ይህን ያህል ኀይል አለውን? አለው። በቻይና አገር በዳቺንግ ከተማ በ1986 ዓ.ም. ሐኪሞች ወደ ስኳር በሽታ የተቃረቡ 577 ሰዎችን መርጠው፣ ከፊሎቹ ለስድስት ዓመት ምግባቸውን ወይም እንቅስቃሴያቸውን ወይም ሁለቱንም እንዲያስተካክሉ አደረጉ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2019 ዓ.ም. በታተመው ውጤት፣ እነዚህ ሰዎች ምክሩን ካላገኙት ይልቅ በሽታው በአማካይ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ እንደ ያዛቸው፣ በልብና በደም ሥር በሽታ መያዛቸውም በሩብ ያህል እንደ ቀነሰ ታወቀ። የስድስት ዓመት ጥንቃቄ የ30 ዓመት ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

በእስፓኝ አገር ደግሞ ለልብ በሽታ በተጋለጡ 7,447 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ከእነዚህ ግማሽ የሚያህሉት የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ። ጥናቱ በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በአሠራሩ ጉድለት ስለ ተገኘበት እንደ ገና ተመርምሮ በ2018 ዓ.ም. ታተመ። አትክልት፣ ጥራጥሬና ዓሣ እየበሉ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝን የመሰለ ፍሬ የጨመሩት ሰዎች፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም፣ በአንጎል ደም መፍሰስና መዘጋት፣ በዚሁም ምክንያት በሚመጣ ሞት ላይ የነበራቸው አደጋ 30 በመቶ ያህል ዝቅ አለ። በብሪታንያ በ2017 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በሽታው ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያላለፋቸው ወፍራም ሕመምተኞች በሐኪም ጠባቂነት ክብደታቸውን እንዲቀንሱ ሲደረግ፣ ከ100ው 46ቱ በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታ ልክ በታች ሆኖ ተገኘ። ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ስለሚመለስ ይህ ለዘለዓለም መዳን አይደለም። ሆኖም ገበታ ከመድኃኒት ቤት ጎን ሊቆም የሚችል መሆኑን ያስረዳል።

እዚህ ላይ «የወይራ ዘይት ከየት እናመጣለን?» የሚል ይኖራል። የሕመምተኛው ምግብ ከባሕር ማዶ መምጣት አለበት የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ተስፋ እንዲቆርጥ አድርጓል። እንደ እኛ አስተያየት ግን የአገራችን መሶብ ለልብ ከሚስማሙ መሶቦች አንዱ ሊሆን የሚችል ነው። ጤፍ ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ገለባው ሳይለይ ሙሉ ፍሬው ይፈጫል፤ ስለዚህ እንደ ፉርኖ ዱቄት ፋይበሩን አያጣም። ምስሩ፣ ሽንብራው፣ አተሩና ባቄላው ፕሮቲንም ፋይበርም አላቸው፤ በደም ውስጥም ስኳርን በዝግታ እንጂ በድንገት አያወጡም። ጎመኑ፣ ቆስጣውና ጥቅል ጎመኑ በየገበያው አሉ። የኑግና የሱፍ ዘይት ከሚረጋው ዘይት ይልቅ ለደም ሥር ይስማማሉ። ይህ ሁሉ እያለን ታዲያ የሚጎዳን ምንድን ነው? በአራት ነገር እንጎዳለን፤ እነሱም መጠን፣ ጣፋጭ፣ ጨውና ስብ ናቸው።

በመጠን እንጀምር። ጤፍ መልካም እህል ነው ማለት ሦስት እንጀራ መልካም ነው ማለት አይደለም። ከአንድ ገበታ አብሮ መብላት የአገራችን የፍቅር ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ስንት እንደ በላ አያውቅም። ስለዚህ ሕመምተኛው ገበታው ሳይጀመር የራሱን እንጀራ ለይቶ ከፊቱ ያኑር፤ ሲያልቅም አይጨምር። ሐኪሞች ምግቡን ግማሹን አትክልት፣ ሩቡን ጥራጥሬ ወይም ቀይ ሥጋ ያልሆነ ፕሮቲን፣ ሩቡን ብቻ እንጀራ ወይም ዳቦ እንዲያደርግ ይመክራሉ። በእኛ አነጋገር እንጀራው ለማጥቀሻ፣ ወጡና ጎመኑ ለማጥገቢያ ይሁን ማለት ነው። በእንጀራ ላይ እንጀራ ፈትፍቶ፣ ከጎኑ ሩዝና ድንች ደርቦ መብላት ግን አንዱን ስኳር በሦስት ስም መብላት ነው።

ወደ ጣፋጭ ስንመጣ ሒሳቡን እንሥራ። የዓለም የጤና ድርጅት ጤነኛው ሰው እንኳ በምግቡ ላይ የሚጨመር ስኳርን ከዕለት ምግቡ ኀይል ከ10 በመቶ በታች እንዲያደርግ ይመክራል። ይህም በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 50 ግራም ያህል ነው፤ ግማሹ ቢሆን ደግሞ ይሻላል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በቢሮ አምስት ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣ፣ በእያንዳንዱም ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ወጣት ሹም፣ ከወንበሩ ሳይነሣ 60 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው። በዚህ ላይ 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ለስላሳ ቢጨምር ሌላ 30 ግራም ያህል ይታከላል። በየጭማቂ ቤቱ የሚጠጣው ስፕሪስም የፍሬውን ስኳር ሰብስቦ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ተጨምሮበት የሚቀርብ ነው፤ ብርቱካኑን ልጦ መብላት ይሻላል። «ማር የተፈጥሮ ስለ ሆነ አይጎዳም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከማር ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ስኳር መሆኑን ቢያውቁ ይህን አይሉም ነበር።

ጨው ስኳርን ባያመጣም የደም ግፊትን ስለሚያመጣ የስኳር ሕመምተኛን ልብ በሌላ ወገን ይወጋል። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ይፈቅዳል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ባደረገው ጥናት ግን የአንድ ሰው የዕለት ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል። ከአዋቂዎቹም ከ100ው 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ አትክልትና ፍራፍሬ በበቂ መጠን የማይበሉትም ከ100ው ከ95 በላይ ነበሩ። ጨው በስውር ይመጣል። በርበሬው ሲዘጋጅ ይገባበታል፤ ሽሮው ሲሰናዳ ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ እንደ ገና ይጨመራል፤ በመጨረሻም በላተኛው ሚጥሚጣውን ያክልበታል። ቀምሶ ሳይሆን ለምዶ የሚጨምርም ብዙ ነው። ባለሙያዋ ከሦስቱ አንዱን ብትተው ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምደዋል።

ስብን በሚመለከት ደግሞ ቅቤና የሚረጋ ዘይት በደም ውስጥ የሚገኘውን ጎጂ የኮሌስትሮል ዐይነት ከፍ ያደርጋሉ። ክትፎ በበዓል ቢበላ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ሥጋ ቤት መሰብሰብ የሹመት ምልክት ሆኖ መቆጠሩ ያሳዝናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ተረት ብዙ ጊዜ ነቅፈነዋል። ዛሬ ደግሞ ሲሾም ያለ ልክ የበላ ሰው ሲታመም የሚቆጨው መሆኑን እንጨምርበታለን።

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ሕመምተኛው ብቻውን ሊያደርገው የሚችል ይመስላል። ይሁን እንጂ ከባዱ ነገር ገና አልተነካም። ሕመምተኛው ብቻውን አይበላም። ወጡን የምትሠራው ባለቤቱ ወይም እናቱ ናት። ዘመድ ቤት ሲሄድ «በሞቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ይባላል። እምቢ ሲል «ናቀን» ይባላል። ትልቅ ሰው ጉርሻ ጠቅልሎ ሲዘረጋለት አፉን መዝጋት ነውር ይሆንበታል፤ አንድ ጉርሻ ደግሞ ያጣላል እየተባለ ሁለተኛው ይከተላል። በሠርግ፣ በክርስትና፣ በተዝካርና በሹመት ድግስ ሁሉ እንዲሁ ነው። ስንቱ ሕመምተኛ በሽታውን ደብቆ የሚበላው «ስኳር አለበት» መባልን ፈርቶ፣ በተለይም ወጣቱ ትዳሩ እንዳይቀርበት ወይም ሥራው እንዳይነካበት ሠግቶ ነው! ፍቅራችን ሳናውቀው የወዳጃችንን ልብ ሲጎዳ ያያል ዐይናችን፤ እጃችን ግን ጉርሻውን አይመልስም።

ይህ ሥርዓት ይጥፋ አንልም። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነውና ይኑር። ነገር ግን ፍቅር የሚወዱትን ሰው ማወቅ ነው። እንግዳው የስኳር ሕመምተኛ መሆኑን የምታውቅ ባለቤት ጉርሻውን ከጎመንና ከምስር ብትጠቀልልለት፣ «በሞቴ» ያለው ዘመድ አንድ ጊዜ «አይ» ሲባል ቢያምን፣ ያ ከክትፎ የበለጠ ግብዣ ነው። ለቤተሰቡም ሁለት ዐይነት ወጥ መሥራት አያስፈልግም። ለሕመምተኛው የሚስማማው ምግብ ለጤነኛው ልጅም፣ ለአባትም የሚስማማ ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው የታመመበት ቤት በሙሉ ሊድንበት ይችላል።

«ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ነው» የሚለውን ተቃውሞ ቀላል አድርገን አናየውም። የአትክልትና የፈሳሽ ዘይት ዋጋ የደመወዝተኛን ኪስ የሚፈትን መሆኑ የማይካድ ነው። ሆኖም ከምንመክረው ነገር ውስጥ እኩሌታው መግዛት ሳይሆን አለመግዛት ነው። ስኳሩ፣ ለስላሳው፣ ቅቤውና ሥጋው ሲቀንስ የሚተርፈው ገንዘብ ለጎመንና ለሽንብራ ይሆናል። የቀረው እኩሌታ ግን የግለሰብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትና የየመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። በየክበቡና በየተማሪ ቤቱ የሚቀርበው ምግብ ጨዉና ዘይቱ እንዲለካ፣ ሻይ ስኳር ሳይገባበት ቀርቦ የፈለገ እንዲጨምር፣ በስብሰባ ላይ ከለስላሳው ጎን ውሃ እንዲቀመጥ ማድረግ ብዙ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ወጣት ሹማምንት ይህን ለማዘዝ የሚበቃ ሥልጣን በእጃቸው አለ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ሳንናገር ብናልፍ በደል ይሆንብናል። አንደኛው፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ቢዘልል ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል፤ የማያውቅ ሰውም የሰከረ ይመስለዋል። በዚያች ሰዓት ስኳር መድኃኒት ነው። ነፍሱን የማይስት ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠትና ከሩብ ሰዓት በኋላ ካልተሻለው መድገም ይገባል። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ነው። ከእንዲህ ያለው ባልደረባ ጋር የሚሠራ ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። በባዶ ሆድ የሚጠጣ አረቄና ጠጅም ይህንኑ አደጋ ያባብሳል።

ሁለተኛው ስለ ጾም ነው። የጾም ምግባችን ጥራጥሬና አትክልት የበዛበት ስለ ሆነ ለልብ መልካም ነው። አደጋው ለረጅም ሰዓት ከእህል ከውሃ መከልከል፣ ጾሙም ሲፈታ በአንድ ቀን የሁለት ወሩን ሥጋና ቅቤ ለመካስ መነሣት ነው። በረመዳንም ሲያፈጥሩ በጣፋጭ መጀመርና አብዝቶ መብላት እንዲሁ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን የሚለወጥ ሊሆን ይችላልና። ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙም ሼኩን ቢጠይቅ፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ የሚራሩ መሆናቸውን ይረዳል።

ሦስተኛው፣ ሽፈራውን ወይም አብሽን ወይም ሌላ ቅጠል ተማምኖ የታዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ ነው። አብሽ በምግብነቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የኢንሱሊን ምትክ ግን አይሆንም። ምግብም ቢሆን እንዲሁ ነው። ገበታውን ያስተካከለ ሰው መድኃኒቱ ይቀነስልኝ ብሎ ሐኪሙን ይጠይቃል እንጂ ራሱ አያቋርጥም። በዚሁ ጊዜ ስኳሩን ብቻ ሳይሆን የደም ግፊቱንና ኮሌስትሮሉንም ያስለካ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ይተው። በቀን ግማሽ ሰዓት በፈጣን እርምጃ መሄድ ሥጋ ስኳርን ከደም እንዲቀበል ይረዳል፤ ለዚህም ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይበቃል።

ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ ይህን ለእናንተ የጻፍነው ከእናንተ የሚበዙት ዛሬ ጤነኞች ስለ ሆናችሁ ነው። የልብ የደም ሥር የሚጠበው በአንድ ቀን አይደለም፤ በ25 ዓመታችሁ የለመዳችሁት ገበታ በ50 ዓመታችሁ ሒሳቡን ይጠይቃል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ከእናንተም መካከል አባቱ ወይም እናቱ በዚህ በሽታ የተያዙበት ካለ፣ ዛሬ ማታ ቤቱ ሲገባ ምክር ከመስጠቱ በፊት በገበታው ላይ ያለውን ይመልከት፤ ከዚያም የራሱን እንጀራ ከወላጁ እኩል አሳንሶ፣ የራሱን ሻይ ያለ ስኳር ጠጥቶ ይጀምር። ሽማግሌ ሰው በልጁ ፊት ብቻውን መከልከል ይከብደዋል፤ አብሮት የሚከለከል ሲያገኝ ግን ይቀልለዋል።

በመጀመሪያ የጠቀስነው ባልደረባችን ስኳርን ትቶ ነበር፤ ይህም ትንሽ ነገር አልነበረም። የቀረውን ግን የነገረው አልነበረም፤ እኛም በምሳ ሰዓት አብረነው ተቀምጠን ነበር። በየመሥሪያ ቤታችን ዛሬም እንደ እሱ ያለ ሰው ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ ነው። ነገ ምሳ ሲቀርብ ከጎኑ የምንቀመጠው እኛ ነንና፣ ጎመኑን ወደ እሱ፣ ጨውን ወደዚያ ፈቀቅ እናድርግለት።